ራይሞን ኮፓ፦ ከከሰል ጉድጓድ እስከ ሙያ ነጻነት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰማ ንግግር)



የአንድ ስፖርተኛ ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚቈጠረው ያገባው ጎልና የወሰደው ዋንጫ ነው። ፈረንሳዊው የእግር ኳስ ተጫዋች ራይሞን ኮፓ በዚህ ሚዛን ቢመዘን የሚጐድለው ነገር የለም። በአውሮፓ ክለቦች ሻምፒዮና ሦስት ጊዜ ዋንጫ አንሥቷል፤ በአገሩና በእስፓኝ የአንደኛ ዲቪዚዮን ባለድል ሆኗል፤ የአውሮፓ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የወርቅ ኳስ ተሸልሟል። ይሁን እንጂ የኮፓ ስም በሙያ ማኅበር ጉባኤ ላይ መነሣት የሚገባው በዋንጫዎቹ ብቻ አይደለም። ሰውየው በዘመኑ ከነበሩት ተጫዋቾች ሁሉ ይልቅ የተከበረና የተደላደለ ሆኖ ሳለ፣ ዝም ቢል ምንም የማይቀርበት ሆኖ ሳለ፣ ስለ ሙያ ባልደረቦቹ የተናገረው አንድ ቃል አለ። የዛሬው ንግግር ያን ቃልና ወደዚያ ቃል ያደረሰውን መንገድ ይመለከታል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸው ከወዲሁ ይታወቅ።

ኮፓ የተወለደው ኦክቶበር 13 ቀን 1931 ዓ.ም. በሰሜን ፈረንሳይ፣ በፓ ደ ካሌ፣ ኑ ሌ ሚን በምትባል የከሰል ማዕድን ከተማ ነው። የቤተሰቡ ሙሉ ስም ኮፓሼቭስኪ ሲሆን የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከፖላንድ ነበር። ፈረንሳይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ያለቀባትን የሰው ኃይል ለመተካት በ1919 ዓ.ም. ከፖላንድ መንግሥት ጋር የሠራተኞች ስምምነት ተዋውላ ስለ ነበር፣ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ፖላንዳውያን ወደ ሰሜኑ የከሰል አገር ጎርፈው ነበር። በዚያ አገር ልጅ የአባቱን መብራት ይዞ ወደ ጉድጓድ መውረዱ እንደ ደንብ የሚቈጠር ነገር ነበር። ወጣቱ ኮፓ የኤሌክትሪክ ሥራ ተምሮ በዚያ ለመኖር ይመኝ የነበረ ቢሆንም የተከፈተለት በር የማዕድኑ በር ብቻ ሆነ። ስለዚህ ገና በ14 ዓመቱ ከ600 ሜትር በላይ ወደሚጠልቀው ጉድጓድ ወርዶ ከሰል የተጫነበትን ፉርጎ ይገፋ ጀመር። በ1947 ዓ.ም. በጉድጓዱ ውስጥ በደረሰ አደጋ የግራ እጁ አመልካች ጣት በከፊል ተቈረጠ።

ይህን የልጅነት ኑሮ ማንሣት ስለ ድኽነቱ ለማዘን አይደለም። ጉዳዩ ወደ ኋላ ለሚመጣው ክርክር መሠረት ስለሆነ ነው። ኮፓ ድካም ምን እንደሆነ ያውቃል፤ አደገኛ ሥራ ምን እንደሆነም ያውቃል። ነገር ግን የከሰል ቆፋሪ ሥራው ምንም ያህል ከባድ ቢሆን፣ የተሻለ እንጀራ ባገኘ ጊዜ መብራቱን መልሶ ለመሄድ ይችላል። ኮፓም ያደረገው ይህንኑ ነበር።

በሳምንቱ መጨረሻ በከተማው ክለብ ኳስ ይጫወት የነበረው ወጣት፣ በ1949 ዓ.ም. ለወጣት ተጫዋቾች በተዘጋጀው አገር አቀፍ ውድድር ቀርቦ የሁለተኛነትን ደረጃ አገኘ። ያን ጊዜ በሁለተኛ ዲቪዚዮን ይጫወት የነበረው የአንዤ ከተማ ክለብ ወሰደው። ረጅሙም ስም በሰው አፍ አጥሮ “ኮፓ” ሆኖ ቀረ። በአንዤ ሁለት ዓመት ከቈየ በኋላ በ1951 ዓ.ም. ወደ ራንስ ክለብ ተዛወረ። በዚያም የሙያ ሕይወቱን አቅጣጫ ካስያዘው አሠልጣኝ ከአልቤር ባቱ ጋር ተገናኘ።

ባቱ ራሱ ለራንስ የተጫወተ ሲሆን ከ1950 እስከ 1963 ዓ.ም. ቡድኑን አሠልጥኗል። የአጨዋወት ትምህርቱ በአጭሩ ሲገለጽ ኳስን በመሬት ማስኬድ፣ በአጭር ቅብብል ወደ ፊት መግፋት፣ ከጉልበት ይልቅ በሐሳብ መቅደም ነው። ኮፓ ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ70 የማያልፍ፣ ትከሻው የማያስፈራ ሰው ነበር። ኀይሉ ያለው በአብዶው ላይ ነው። ተከላካይን ወደ ራሱ ስቦ፣ በወገቡ ቅኝት አታሎ፣ በተከፈተው ክፍተት ኳሷን ለጓደኛው ማቀበል ዋና ችሎታው ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙ ተቺዎች ኳስ ያዘገያል፣ ብቻውን መጫወት ይወዳል እያሉ ይነቅፉት ነበር። ባቱ ግን አብዶውን እንዲተው አላስገደደውም፤ አብዶው ለቡድኑ የሚጠቅምበትን ቦታና ጊዜ አሳየው እንጂ። ወጣትን የማሠልጠን ኀላፊነት ያለበት ባለሙያ ሁሉ ከዚህ የሚማረው ነገር አለ፤ ጥሩ አሠልጣኝ ተሰጥኦን ነቅሎ ሌላ አይተክልም፤ ያለውን አርሞ ያሳድጋል።

ውጤቱም ወዲያው ታየ። ራንስ በ1953 እና በ1955 ዓ.ም. የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆነ። በ1953 ዓ.ም. በሊዝበን በተደረገው የላቲን ዋንጫ ፍጻሜ የኢጣሊያውን ሚላን 3 ለ 0 አሸነፈ። ኮፓም በኦክቶበር 1952 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የብሔራዊ ቡድኑን ማልያ ለበሰ። በማርች 1955 ዓ.ም. ፈረንሳይ እስፓኝን በገዛ ከተማዋ በማድሪድ 2 ለ 1 ስታሸንፍ ባሳየው ጨዋታ፣ አንድ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ከናፖሌዎን ጋር አመሳስሎ ጻፈለት። ቅጽል ስሙም ዕድሜ ልኩን አልተለየውም።

በ1955 ዓ.ም. ሌኪፕ የተባለው የፓሪስ የስፖርት ጋዜጣ ባቀረበው ሐሳብ መሠረት የአውሮፓ ክለቦች ሻምፒዮና ተጀመረ። የመጀመሪያው ፍጻሜ ጁን 13 ቀን 1956 ዓ.ም. በፓሪስ፣ በፓርክ ደ ፕረንስ ሜዳ፣ በራንስና በሪያል ማድሪድ መካከል ተደረገ። ራንስ ጨዋታው በተጀመረ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጎል አገባ፤ ማድሪድ አቻ ሆነ፤ ሚሼል ኢዳልጎ ሦስተኛውን ለራንስ ሲያስቈጥር ድሉ የፈረንሳዮቹ መሰለ። በመጨረሻ ግን ማድሪድ 4 ለ 3 አሸነፈ። በዚያ ምሽት ኮፓ ለራንስ ቢሰለፍም ወደ ማድሪድ የሚዛወርበት ስምምነት አስቀድሞ ተፈጽሞ ነበር።

በማድሪድ የጠበቀው ሁኔታ ለብዙ ታላላቅ ተጫዋቾች አስቸጋሪ በሆነ ነበር። የመሐሉ ሜዳና የአጥቂው መስመር ንጉሥ አልፍሬዶ ዲ ስቴፋኖ ነውና፣ ኮፓ ከለመደው ቦታ ተነሥቶ በቀኝ ክንፍ እንዲጫወት ተደረገ። ክንፍ ለእርሱ ምቹ ቦታ አልነበረም። ቢሆንም ለቡድኑ ሥርዐት ተገዝቶ ሦስት ዓመት በዚያ አገለገለ። ማድሪድ በ1957 ዓ.ም. ፊዮረንቲናን 2 ለ 0፣ በ1958 ዓ.ም. በብራስልስ ሚላንን ከተጨማሪ ሰዓት በኋላ 3 ለ 2፣ በ1959 ዓ.ም. በሽቱትጋርት የቀድሞ ቡድኑን ራንስን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ኮፓ በሦስቱም ፍጻሜዎች ተሰልፏል። ይህን ዋንጫ ያነሣ የመጀመሪያው ፈረንሳዊ እርሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ዝናውን ያጸናው በ1958 ዓ.ም. በስዊድን የተደረገው የዓለም ዋንጫ ነው። በብሔራዊ ቡድኑ ውስጥ አሠልጣኙ ባቱ፣ ከፊቱ የሚሮጠው የመሐል አጥቂ ደግሞ እርሱ ወደ ማድሪድ ሲሄድ ወደ ራንስ የመጣው ዡስት ፎንቴን ነበር። ማራኬሽ የተወለደው ፎንቴን ከቡድን ጓደኛው በተዋሰው ታኬታ ጫማ በ6 ጨዋታ 13 ጎል አገባ። ይህን ቍጥር በአንድ የዓለም ዋንጫ የደረሰበት ሌላ ሰው የለም። ከነዚያ ጎሎች ብዙዎቹ ከኮፓ እግር የተነሡ ነበሩ። ፈረንሳይ በግማሽ ፍጻሜ በብራዚል 5 ለ 2 ብትሸነፍም፣ ምዕራብ ጀርመንን 6 ለ 3 አሸንፋ ሦስተኛ ሆነች። በዓመቱ መጨረሻ ላይ ኮፓ የወርቅ ኳስን የተሸለመ የመጀመሪያው ፈረንሳዊ ሆነ።

በ1959 ዓ.ም. ወደ ራንስ ተመልሶ በ1960 እና በ1962 ዓ.ም. እንደገና የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆነ። የሰው ሁሉ ምኞት እስከዚህ ድረስ ነው። ሀብትና ክብር አለው፤ ከጉድጓድ የወጣው ልጅ በአገሩ የሚታወቅ ሰው ሆኗል። የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በፈረንሳይ እግር ኳስ በ1932 ዓ.ም. የሙያ ሥራ ከሆነ ጀምሮ፣ ተጫዋቹ ከክለቡ ጋር የሚፈራረመው ውል ልዩ ዐይነት ነበር። ወጣቱ አንድ ጊዜ ከፈረመ እስከ 35 ዓመቱ ድረስ በክለቡ እጅ ይቈያል። ክለቡ ከፈለገ ለሌላ ክለብ ያዛውረዋል፤ የዝውውሩን ዋጋ የሚነጋገሩት ሁለቱ ክለቦች ናቸው። ካልፈለገም ያስቀረዋል። ተጫዋቹ ግን በገዛ ፈቃዱ ሊለቅ አይችልም። መልቀቅ የማይችል ሰው ስለ ደመወዙም በእኩልነት ሊደራደር እንደማይችል ግልጽ ነው። የ35 ዓመት ወሰን ሲታሰብም ነገሩ ይበልጥ ይከፋል፤ ተጫዋቹ ነጻ የሚወጣው እግሩ ከዛለ በኋላ ነውና።

ክለቦቹም መከራከሪያ አልነበራቸውም ማለት አይቻልም። ወጣትን ኰትኵቶ ለማሳደግ ወጪ እንወጣለን፤ ተጫዋች እንደፈለገ ከሄደ ሀብታሞቹ ክለቦች ሁሉንም ይሰበስባሉ፤ የትንንሽ ከተሞች ቡድን ይፈርሳል ይሉ ነበር። ይህ ሥጋት ባዶ አልነበረም። ነገር ግን ጥያቄው ሌላ ነው። የክለቡ ወጪና የከተማው ኩራት የሚጠበቀው በአንድ ሰው የሥራ ዘመን ሙሉ መሆን አለበት ወይ? ክለብ ጥቅሙን በተወሰነ ዘመን ውል ማስከበር ሲችል ሰውን እስከ 35 ዓመቱ ማሰር ምን አስፈለገው?

ይህን ጥያቄ በሥርዐት ለማቅረብ መጀመሪያ መሰብሰብ ያስፈልግ ነበር። ኖቬምበር 16 ቀን 1961 ዓ.ም. የፈረንሳይ ባለሙያ እግር ኳስ ተጫዋቾች ብሔራዊ ማኅበር ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ ዋነኛው የካሜሩን ተወላጅ የነበረው ኤውጄን ንጆ ሌያ ነው። ንጆ ሌያ በ1957 ዓ.ም. ከሴንት ኤትየን ጋር የፈረንሳይ ሻምፒዮን የሆነ አጥቂ ሲሆን፣ ከኳሱ ጎን የሕግ ትምህርቱን ይከታተል ነበር፤ ወደ ኋላም የአገሩ ዲፕሎማት ሆኗል። ሜዳ ላይ የሚያውቀውን በደል በሕግ ቋንቋ መጻፍ የሚችል ሰው በመሆኑ፣ ከጠበቃው ከዣክ ቤርትራንና ከፎንቴን ጋር ሆኖ ማኅበሩን አቋቋመ። የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ፎንቴን ሆነ። የዚያ ታላቅ ጎል አግቢ ዕጣ ለማኅበሩ አስፈላጊነት በቂ ምስክር ነው፤ እግሩ ሁለት ጊዜ ተሰብሮ በ1962 ዓ.ም. ገና በ28 ዓመቱ መጫወት አቆመ። የባለሙያ ተጫዋች ዕድሜ ይህን ያህል አጭር ነው፤ ውሉ ግን ይህን ያህል ረጅም ነበር።

ኮፓ በዚህ ትግል ከጎናቸው ቆመ። በጁላይ 1963 ዓ.ም. ፍራንስ ዲማንሽ በተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ በስሙ በወጣው ጽሑፍ፣ እግር ኳስ ተጫዋቾች ባሮች ናቸው ሲል ተናገረ። በሃያኛው መቶ ዓመት መካከል ሳይጠየቅ የሚሸጥ ሰው ቢኖር ተጫዋች ብቻ ነው የሚል ነበር የክርክሩ ፍሬ ነገር።

ቃሉ አገር አናወጠ። ባለሥልጣኖቹ ተቈጡ፤ ብዙ ተመልካችም ግር አለው። ይህን ያህል የሚከፈለው፣ በመላው አውሮፓ የሚጨበጨብለት ሰው እንዴት ራሱን ባሪያ ይላል? በእርግጥ ቃሉ ከባድ ነው፤ የእውነተኛው ባርነት መከራ ከባለሙያ ተጫዋች ኑሮ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ነገር ግን ኮፓ የተናገረው ስለ ገንዘብ ሳይሆን ስለ ፈቃድ ነበር። እዚህ ላይ ነው የከሰል ጉድጓዱ ዘመን ትርጕም የሚያገኘው። ኮፓ ስሙ በማይታወቅበት ጊዜ፣ በ17 ዓመቱ፣ ከማዕድኑ ሥራ በፈቃዱ ለመልቀቅ ችሏል። የአውሮፓ የወርቅ ኳስ ተሸላሚ ከሆነ በኋላ ግን በ30 ዓመቱ ክለቡን በፈቃዱ ለመልቀቅ አይችልም ነበር። ወደ ማድሪድ የሄደውም፣ ከማድሪድ የተመለሰውም ክለቦች ስለ ተስማሙ ነው። ደመወዝ ቢበዛ ይህን ልዩነት አያጠፋውም።

በአገራችን “የጠገበ የራበው ያለ አይመስለውም” ይባላል። ኮፓን ከፍ የሚያደርገው ይህን አባባል በሥራው ማፍረሱ ነው። የአዲሱ ውል ጥቅም ከሁሉ በላይ የሚደርሰው ለእርሱ አልነበረም፤ እርሱ 31 ዓመት ሞልቶታል፤ የሙያው ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቂያው ደርሳለች። የሚጠቀሙት በሁለተኛ ዲቪዚዮን በትንሽ ደመወዝ የሚጫወቱት፣ ስማቸውን ጋዜጣ የማያነሣው፣ ክለባቸው ሲያስቀምጣቸው የሚቀመጡት ነበሩ። እነርሱ ቢናገሩ ማን ይሰማቸዋል? ኮፓ ግን ስሙ ጋሻ ሆነው። ጋሻውም ሙሉ በሙሉ አላዳነውም፤ የ6 ወር እገዳ በገደብ ተወሰነበት።

በዚያው በ1963 ዓ.ም. የእንግሊዝ ፍርድ ቤት በጆርጅ ኢስተም ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ውሉ ያለቀበትን ተጫዋች ክለቡ አላሰናብትም ብሎ መያዙ ሥራን የሚያግድ ሕገ ወጥ ሥርዐት መሆኑን አስታወቀ። ስለዚህ ኮፓ ያነሣው ጥያቄ የአንድ ሰው ቍጣ ብቻ ሳይሆን የዘመኑ ጥያቄ መሆኑ ታየ።

ሆኖም ቃል ብቻውን ሕግ አይሆንም። ከኮፓ ንግግር በኋላ ውሉ እስኪለወጥ ድረስ ስድስት ዓመት አልፏል። በነዚያ ዓመታት ሥራውን የሠራው ማኅበሩ ነው። ከፎንቴን በኋላ በሊቀ መንበርነት የመራው በ1956ቱ ፍጻሜ ጎል ያገባው ኢዳልጎ ነበር፤ ይኸው ሰው ወደ ኋላ ብሔራዊ ቡድኑን አሠልጥኖ በ1984 ዓ.ም. የአውሮፓን ዋንጫ ለፈረንሳይ አስገኝቷል። በሜይ 1968 ዓ.ም. ፈረንሳይ በአድማ ስትናወጥ የተቈጡ ተጫዋቾች የፌዴሬሽኑን ጽሕፈት ቤት እስከ መያዝ ደረሱ። በመጨረሻ በ1969 ዓ.ም. በተወሰነ ዘመን የሚያልቅ ውል ጸደቀ። ክለቦቹ ወደ ኋላ ለመመለስ በሞከሩ ጊዜ ተጫዋቾቹ በዲሴምበር 1972 ዓ.ም. የሥራ ማቆም አድማ አደረጉ፤ በ1973 ዓ.ም. የባለሙያ እግር ኳስ መተዳደሪያ ቻርተር ወጣ። የቤልጅጉ ተጫዋች ዣን ማርክ ቦስማን በ1995 ዓ.ም. በአውሮፓ ፍርድ ቤት ያገኘው ታላቅ ፍርድ፣ ፈረንሳዮቹ ብዙ ቀደም ብለው በጀመሩት መንገድ ላይ የተጨመረ ምዕራፍ ነው።

ኮፓ ይህን ድል በሜዳ ላይ ሆኖ አላየውም። ራንስ በ1964 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ሲወርድ አብሮ ወረደ፤ በ1966 ዓ.ም. ተመልሶ ሲወጣ አብሮ ወጣ፤ በ1967 ዓ.ም. ታኬታውን ሰቀለ። ውሉን የነቀፈው ሰው ክለቡ በወደቀ ጊዜ ከክለቡ አለመለየቱ ልብ ሊባል ይገባል። የመሄድ መብት ይኑር ማለት ታማኝነት ይቅር ማለት አይደለም። ሰው መሄድ እየቻለ ሲቈይ ነው መቈየቱ ታማኝነት የሚባለው፤ ታስሮ የቈየማ ምን ምርጫ ነበረው? ለብሔራዊ ቡድኑ በ45 ጨዋታ ተሰልፎ 18 ጎል አግብቷል። በ1970 ዓ.ም. ደግሞ የፈረንሳይን የሌዥዮን ዶኔር ኒሻን ከእግር ኳስ ተጫዋቾች መካከል የመጀመሪያው ሆኖ ተቀበለ። ቀድሞ የቀጣው የእግር ኳስ አስተዳደር ቢሆን፣ ኒሻኑን የሰጠው መንግሥት ነው።

ኮፓ ማርች 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በአንዤ ከተማ በ85 ዓመቱ ዐረፈ። ከማዕድን ወጥቶ መጀመሪያ የባለሙያ ውል የፈረመበት የአንዤ ክለብ ስታዲየም በስሙ ተሰይሟል። ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮም ከ21 ዓመት በታች ለሆነ የዓለም ምርጥ ተጫዋች የሚሰጥ ሽልማት በስሙ ይጠራል። ሽልማቱን የሚቀበሉት ወጣቶች መጨረሻው ቀን የተጻፈበትን ውል የሚፈርሙ ናቸው፤ ያ ቀን በውላቸው ላይ እንዲጻፍ ማን ምን እንደከፈለ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ሳይሆኑ አይቀሩም።

ክቡራትና ክቡራን፣ ከዚህ ታሪክ ለሙያ ማኅበር የሚተርፉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ በሙያው ከፍ ያለ ሰው ከፍታው ለሌሎች ካልተረፈ ጌጥ ብቻ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የአንድ ታላቅ ሰው ድምፅ በር ያንኳኳል እንጂ በሩን ከፍቶ የሚገባው የተደራጀ አባል ነው። ኮፓ ያለ ማኅበሩ አንድ ቀን በጋዜጣ ላይ የጮኸ ሰው ሆኖ በቀረ፤ ማኅበሩም ያለ ኮፓና ያለ ጓደኞቹ አቤቱታው የማይነበብ ጽሕፈት ቤት ሆኖ በቀረ። ሁለቱ በመገናኘታቸው ከእነርሱ በኋላ የመጣ ተጫዋች ሁሉ በገዛ እግሩ ላይ ሥልጣን ሊኖረው ቻለ።